አስተናግር በልኩ ይወሰዳልን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከአዳማና ከአካባቢዋ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚያጠነጥኑት በየመንገዱ ዳር፣ በየጅምር ሕንፃው ግቢና በየቆሻሻ መድፊያው ማንም ሳይዘራቸው በሚበቅሉ ሁለት መርዛማ ተክሎች፣ በአስተናግርና በጉሎ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የወደቀበት ስለሆነ ሰፋ ያለውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ፣ ደምበላ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይዘጋጅ የነበረ የጎረቤቴ ልጅ፣ ጓደኞቹ «ትምህርት ያስይዛል» ብለውት የአስተናግር ፍሬ ተወቅጦ በማር ተለውሶ ዋጠ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየ ፊቱ ቀላ፣ አፉ ደረቀ፣ ከግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እየለቀመ ከማይታዩ ሰዎች ጋር ማውራት ጀመረ። እናቱ በመጀመሪያ ወተት አጠጣችው፤ ቀጥሎ «ለክፎት ነው» ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ በጎልማሶች ተይዞ አደረ። ሲነጋ ሆስፒታል ተወስዶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኖ ወጣ። አሁን ግን አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው «ጥፋቱ የልኩ ነው፤ አብሾ (ከአስተናግር የሚዘጋጀው) ልኩን ለሚያውቅ ሰው አይጎዳም፤ ድሮ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ይወስደው ነበር» እያሉ ይናገራሉ። ጉዳት የማያመጣ ልክ በእርግጥ አለውን? እኛስ በዚያች ሌሊት ምን ማድረግ ነበረብን? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ልጁ በመዳኑ ከቤተሰቡ ጋር አብረን ደስ ብሎናል። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሳችን አጭር ነው፤ በቤት ውስጥ ተለክቶ የሚወሰድ ጉዳት የማያመጣ ልክ የለውም። ትልቁ ሰው ይህን የሚናገሩት ለክፋት እንዳልሆነ እንረዳለን፤ ሆኖም ንግግራቸው ሌላ ልጅ «እኔ ልኩን አውቃለሁ» ብሎ እንዲሞክር በር የሚከፍት በመሆኑ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን ማስረዳት ይኖርብናል።

በአማርኛ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ፣ በአካባቢያችሁ በኦሮምኛ አሳንግራ የሚባለው ይህ ተክል፣ ከድንች፣ ከቲማቲምና ከበርበሬ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቅጠሉ ጥርሳም፣ ሲታሽ ሽታው የሚከረፋ፣ አበባው ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መለከት መሳይ፣ ፍሬው ደግሞ የእንቁላል ቅርጽ ያለውና እሾህ የለበሰ ነው። ፍሬው ሲደርቅ አራት ቦታ ተሰንጥቆ በውስጡ የያዛቸውን በርካታ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ዘሮች ይበትናል። ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ የሌለበት ክፍል የለውም፤ በብዛት የሚከማቸው ግን ዘሩ ውስጥ ነው። መርዞቹ በዋናነት አትሮፒን (ከቅርብ ዘመዱ ከሃዮሳያሚን ጋር) እና ስኮፖላሚን የሚባሉት ናቸው።

አትሮፒን በሆስፒታል መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል። የልብ ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ለዘገየ አዋቂ ሰው ሐኪሙ በአንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው መጠን ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም ነው። በሕክምና ጽሑፎች ዘወትር የሚጠቀሰው ግምት አንድ የአስተናግር ዘር 0.1 ሚሊግራም ያህል አትሮፒን እንደሚይዝ ያመለክታል፤ እንግዲህ በአንድ ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ብቻ ሐኪሙ የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ አጠገቡ አድርጎ ከሚሰጠው መጠን ብዙ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ይህ አኃዝ አማካይ ግምት ብቻ መሆኑ ነው። የመርዙ መጠን እንደ አፈሩ፣ እንደ ዝናቡና እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ፍሬው የመብሰል ደረጃም ከተክል ወደ ተክል እጅግ ይለያያል፤ በአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፍሬዎች እንኳ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዘሩን ቆጥሮ ወይም በማንኪያ ሰፍሮ የሚሰጥ ሰው የሚለካው ዘሩን እንጂ መርዙን አይደለም። አምና ያልጎዳው ያው ቁጥር ዘንድሮ ሊገድል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆሎ ተማሪውን ጉዳይ በተመለከተ፣ አብሾ የሚባለው ነገር በአብነት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ለትምህርት ማስያዣ ይወሰድ እንደነበር በሰፊው የሚነገር ነው፤ እኛም አንክደውም። ነገር ግን ስለ አብሾ የሚተርክልን ወስዶት የተረፈው ሰው መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ጠጥቶት አእምሮው ተናውጦ የቀረው ወይም የሞተው ተማሪ ለምስክርነት አይቀርብም። ሰው ጥቂት ጠጅ ቀምሶ ሲያብድ «አብሾ አለበት» ማለታችንም ቀደምቶቻችን የተክሉን ጠባይ አሳምረው እንደሚያውቁት ያሳያል። ያ ተማሪ ዳዊቱን ደግሞ፣ ቅኔውን ዘርፎ፣ ዜማውን ለመሸምደድ የበቃውም ዓመታት ሙሉ ሌትና ቀን በመድገሙ ነው፤ ምስጋናውን ለአስተናግር መስጠት የተማሪውን ድካም መንጠቅ ይመስለናል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የተክሉ ሥራ ልጁ ከፈለገው ነገር ፍጹም ተቃራኒ መሆኑ ነው። አንጎላችን አዲስ ነገር ይዞ ለማቆየት ከሚጠቀምባቸው ዋና ዋና መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን ይህ ንጥረ ነገር የሚያርፍባቸውን በሮች ቀድመው ገብተው ይዘጋሉ። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ጤናማ ሰው ወይም እንስሳ ለጥቂት ሰዓታት የመርሳት ችግር እንዲደርስበት ሲፈልጉ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲጠቀሙ የኖሩት በስኮፖላሚን ነው። በአንጻሩ አልዛይመር ለተባለው የመርሳት በሽታ የሚታዘዘው ዶኔፔዚል የሚሠራው የአንጎልን አሴቲልኮሊን በማበራከት ነው። ስለዚህ ለፈተና ብሎ አስተናግር የዋጠ ተማሪ ያጠናውን የሚይዝበትን መሣሪያ በገዛ እጁ ዘግቷል፤ ብዙዎቹም ከዳኑ በኋላ በእነዚያ ቀናት ያደረጉትን ጨርሶ አያስታውሱም።

በልጁ ላይ ያያችሁት ምልክት ሁሉ ከዚሁ መዘጋት የመጣ ነው። የምራቅና የላብ ዕጢዎች ሥራ ያቆማሉ፤ አፍ ይደርቃል፣ ቆዳ ደርቆ ይቀላል፣ ላብ ስለማይኖር የሰውነት ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በሰው ተይዞ እየታገለ ላለ ልጅ ደግሞ ይህ ሙቀት ራሱን የቻለ ገዳይ ነው። የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ብርሃን ያስቸግራል፣ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ አንጀት ይዘገያል፣ ሽንት ይታገታል። አእምሮ ይቃዣል፤ በሽተኛው ከአየር ላይ ክር የሚለቅም ይመስላል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወጋል፣ ይሸሻል፣ ይማታል። ሲብስ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላል። ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ አንጀት ስለሚዘገይ ግን ዘሩ ሆድ ውስጥ ቆይቶ መርዙን እያንጠባጠበ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። «ትንሽ ተሻለው» ተብሎ ከሐኪም ቤት ይዞ መውጣት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንለፍ። በዚያች ሌሊት ማድረግ የነበረባችሁ ዋናው ነገር ልጁን ወዲያውኑ፣ መኪና ከጠፋ በባጃጅም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነበር፤ ከተገኘም የተረፈውን ዘር ወይም ቅጠል በፌስታል ይዞ ሄዶ ለሐኪሙ ማሳየት፣ መቼና ምን ያህል እንደወሰደ ሳይደብቁ መናገር። አስተናግር በተለመደው የሆስፒታል የደም ምርመራ የሚታወቅ ስላልሆነ ከቤተሰቡ የሚሰጠው ቃል ለሐኪሙ ትልቁ መረጃ ነው። ልጆች ቁጣን ፈርተው፣ ወላጆችም ሐሜትን ፈርተው የሚደብቁት መሆኑ ብዙ ሰዓት ያባክናል።

እስኪደረስ ድረስ ልብሱን አቅልሎ፣ ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ እያራሱ ማናፈስ ይጠቅማል። የትኩሳት ክኒን ግን አይረዳም፤ ይህ ሙቀት ከላብ መቋረጥ የመጣ እንጂ ከበሽታ የመጣ ትኩሳት አይደለምና። ወተት፣ ቡና፣ ሎሚ ወይም ጥሬ እንቁላል መርዙን አያረክሱትም፤ አእምሮው በተናወጠ ሰው አፍ የሚጨመር ማናቸውም ፈሳሽ ደግሞ ወደ ሳምባ ሊገባ ይችላል። ጣት አስገብቶ ማስታወክም በዚሁ ምክንያት የተከለከለ ነው። «ይተኛ» ብሎ የድሮዎቹን እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች መስጠት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው የአሴቲልኮሊንን በር የሚዘጉ በመሆናቸው በመርዝ ላይ መርዝ ይጨምራሉ። በሆስፒታል ለሕክምና የተዘጋጀ ከሰል ሊሰጥ ይችላል (የምድጃ ከሰል አይደለም)፤ ለመንቀጥቀጡና ለመታገሉ እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያ፣ ለታገተው ሽንት ቱቦ፣ ለሙቀቱ ማቀዝቀዣ ይደረጋል፤ በሚገኝበት ቦታም ፊዞስቲግሚን የተባለ ማርከሻ በጥንቃቄ ይሰጣል።

«ለክፎት ነው» መባሉን በተመለከተ፣ ቤተሰቡን አንወቅስም፤ በሽታው የሚመስለው ያንኑ ነውና። ይሁን እንጂ ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ድንገት ሲቃዥ አፉንና ብብቱን መዳሰስ፣ ዓይኑን ማየት ቀላል ነው፤ አፍ ደርቆ፣ ብብት ላብ አጥቶ፣ ቆዳ ግሎ፣ ብሌን ሰፍቶ ከተገኘ መርዝ ሊሆን ይችላልና ሰዓት መባከን የለበትም። ጸበሉ በሽተኛው ሲያገግም ይደርሳል፤ የሚከለክለውም የለም።

ጥያቄ፦ በወለንጪቲ በኩል ቦሎቄ እዘራለሁ። ሰሞኑን ከማሳው ውስጥ አስተናግር በእጄ ስነቅል ውዬ ማታ የቀኝ ዓይኔ ብሌን ብቻ ሰፋ፤ ማንበብም አቃተኝ። ሕመም የለውም። ዓይኔ ሊጠፋ ነውን? እህሉስ ይበላል? (ገበሬ፣ ከቦሰት)

መልስ፦ በእጅዎ ላይ የቀረው የተክሉ ጭማቂ ዓይንዎን ሲያሹ ገብቶ ይሆናል ብለን እንገምታለን። በዓይን ክሊኒክ ብሌን ለማስፋት ከሚጨመሩት ጠብታዎች አንዱ ራሱ አትሮፒን ነው፤ እርስዎ ላይ የደረሰው ያው ነገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ነው። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመለሳል፤ እስከዚያው ከፀሐይ መጠለልና ሞተር ሳይክል አለመንዳት ይበቃል። ይሁንና የአንድ ዓይን ብሌን ብቻውን መስፋት ከራስ ምታት፣ ከትውከት፣ ከዐይን ሽፋን መውደቅ ወይም ቀደም ብሎ ከደረሰ የጭንቅላት ምት ጋር ከመጣ የአንጎል አደጋ ምልክት ስለሚሆን ለነገ የሚባል አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «አስተናግር ነቅያለሁ» ማለትዎን አይርሱ፤ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ውድ ምርመራ ልታስቀር ትችላለች።

ለእናንተ አካባቢ ገበሬዎች ሌላም ማሳሰቢያ አለን። አንዳንድ የፀረ ተባይ ኬሚካሎች፣ በተለይ እንደ ማላታይን ያሉት፣ ሰውን ሲመርዙ የሚታየው ምልክት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ምራቅና ላብ ይጎርፋል፣ ሆድ ይላላል። ለዚያኛው መርዝ ሐኪሞች የሚሰጡት ማርከሻ አትሮፒን ነው። ይህን የሰማ አንድ ሰው «እንግዲያስ ኬሚካል ለመረዘው ሰው አስተናግር እናጠጣው» እንዳይል እንለምናለን፤ በመርፌ የሚሰጠው በየደቂቃው እየታየ የሚጨመርና የሚቀነስ ሲሆን፣ ተክሉ ግን ከላይ እንዳልነው ልክ የለውም።

እህሉን በተመለከተ፣ ቦሎቄው ራሱ ከአጠገቡ በበቀለ አስተናግር አይመረዝም። አደጋው ያለው በአጨዳና በአውድማ ላይ ነው፤ ፍሬ የያዘ አስተናግር አብሮ ታጭዶ ሲወቃ ዘሩ ከእህሉ ጋር ይደባለቃል። በነጭ ቦሎቄ ውስጥ ጥቁሩ ዘር ወዲያው ይታያል፤ ከጤፍም ዘሩ ስለሚበልጥ በወንፊት ይለያል። የሚያስቸግረው በኑግና በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ሲገባ ነው፣ ቀለሙም መጠኑም ይቀራረባልና። ኑግ ረዘም ያለና የሚያብለጨልጭ፣ ጥቁር አዝሙድ ማዕዘናማና መዓዛው የታወቀ ሲሆን፣ የአስተናግር ዘር ግን የኩላሊት ቅርጽ ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ፈንጣጣ የመሰለ ነው። መቁላትም ሆነ መቀቀል መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ አካባቢ ለእርዳታ የተከፋፈለ የገንፎ ዱቄት በዚህ ዓይነት መርዝ ተበክሎ 300 የሚጠጋ ሰው ታምሞ 5 ሰው ሞቷል፤ በምርመራም የተገኙት እነዚያው አትሮፒንና ስኮፖላሚን ነበሩ። በላተኞቹ የበሉት ገንፎ እንጂ አስተናግር አልነበረም። ስለዚህ ተክሉን ከማሳው መንቀል ያለብዎ ፍሬ ሳይዝ፣ ጓንት አድርገው ነው፤ ካመለጠዎም ከአጨዳ በፊት ለይተው ያውጡት።

ጥያቄ፦ የጥርስ ሕመም ሲነሣብኝ እናቴ የአስተናግር ፍሬ በጋለ ብረት ላይ አድርጋ ጭሱን ወደ አፌ ታስገባልኝ ነበር፤ «ትሉ ይወጣል» ትላለች። አሁን ለልጄ ላድርግለትን? (ከፍራንኮ)

መልስ፦ አያድርጉለት። ጥርስን የሚያቦረቡረው ትል ሳይሆን ከስኳርና ከምግብ ትርፍራፊ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጭሱ ሕመሙን ለጊዜው ሊያደነዝዝ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን መርዙን ይዞ ወደ ሳምባ ይገባል። በ19ኛው መቶ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአውሮፓ ለአስም በሽተኞች የአስተናግር ሲጋራ ይሸጥ የነበረው ጭሱ በሰውነት ላይ በእርግጥ ስለሚሠራ ነበር፤ ይሁን እንጂ መጠኑ የማይታወቅ በመሆኑ አደገኛ ነበር። የአንድ ሕፃን ሰውነት የሚችለው ደግሞ ከአዋቂ በጣም ያነሰ ነው። ጥርሱን የጥርስ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳሟሽ የተወቀጠ ጉሎ እቀባለሁ። የጉሎ ፍሬ ከአስተናግር ጋር አንድ ዓይነት መርዝ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንጀራችን ይመርዘናልን? (የቤት እመቤት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱ የሚመሳሰሉት ፍሬያቸው እሾሃማ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ዝምድናም የመርዝ አንድነትም የላቸውም። የጉሎ መርዝ ሪሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እንደ እንቁላል ነጩ በሙቀት ጠባዩን ስለሚለውጥ በሚገባ በጋለ ምጣድ ላይ ኃይሉን ያጣል። ከፋርማሲ የሚገዛው የጉሎ ዘይትም ሪሲን የለበትም፣ መርዙ በጭማቂው ሂደት ከፋጉሎው ጋር ይቀራልና። እንግዲህ ምጣዱ በደንብ እስኪጨስ ከጋለና ከተወለወለ በኋላ ለሚጋገረው እንጀራ የሚያሰጋዎ ነገር አይኖርም።

የሚያሰጋው ከምጣዱ በፊት ያለው ነው። የጉሎ ዘር ዥጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ሕፃናት ይጫወቱበታል፤ ሳይሰበር ከተዋጠ ጠንካራው ቅርፊት ብዙ ጊዜ መርዙን ይዞ ያልፋል፣ ከታኘከ ግን ጥቂት ዘር እንኳ ሕፃንን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ምልክቱም ከአስተናግር የተለየ ነው፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርቱ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም ሊቀላቅል የሚችል ተቅማጥ ይጀምራል። ለሪሲን ማርከሻ የለውም፤ የጠፋውን ፈሳሽ መተካትና በሆስፒታል መከታተል ብቻ ነው ያለው። የወቀጡበትን ሙቀጫ ለቅመም እንዳይጠቀሙበት፤ ለዚህ ሥራ የተለየ ድንጋይ ቢኖርዎ ይመረጣል፣ ትርፉንም በጨርቅ ቋጥረው ጓዳ ውስጥ አያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የግቢያችን አጥር ሥር በአስተናግር ተሞልቷል። ፍየሎቻችን አልፎ አልፎ ሲቀነጥቡት ምንም አልሆኑም፤ ታዲያ ለሰው ብቻ ነው የሚከፋው? ብናቃጥለውስ? (ከቦኩ)

መልስ፦ ፍየሎቹ የተረፉት ሽታውና ምሬቱ ከብዙ ስለከለከላቸው ነው እንጂ ተክሉ ለከብትም መርዝ ነው። የእንስሳ መትረፍ ለሰው ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንድ ጥንቸሎች ለምሳሌ አትሮፒንን የሚሰባብር ኢንዛይም በደማቸው ስላላቸው ለሰው የሚከፋውን ቅጠል በልተው ይኖራሉ። ከዚሁ ጋር፣ በአንዳንድ ግቢ ለውበት የሚተከለው፣ ትልልቅ መለከት መሳይ አበባው ወደ ታች የሚንጠለጠል ዛፍም ያንኑ መርዝ እንደሚይዝ ይወቁ።

ማቃጠሉን አንመክርም፣ ጭሱ ወደ ቤትዎና ወደ ጎረቤት ይገባል። ከዝናብ በኋላ መሬቱ ሲርስ፣ ሳያብብ፣ ጓንት አድርገው ከነሥሩ ይንቀሉት፤ ፍሬ የያዘውን ሳይሰነጠቅ በማዳበሪያ ከረጢት ከትተው ያስሩና ልጅና ከብት በማይደርስበት ጉድጓድ በጥልቀት ይቅበሩት። በሚቀጥለው ዓመት መልሶ ቢበቅል አይገረሙ። በአሜሪካ በተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ 39 ዓመት ከቆየ የአስተናግር ዘር አብዛኛው ሲወጣ በቅሏል፤ ስለዚህ ነቀላው በየክረምቱ የሚደገም ሥራ ነው።